ስሟን አሸዋ ላይ ያኖረችው ሴት

ማውኬ
እሑድ፣ ፌብሯሪ 13 ቀን 1994

ፈቀዱ! እትዬ ቴኡራ፣ ፓፓ ኢዮቲያ ፈቀዱልን! ለምንጅላታችን የመቃብር ድንጋይ ልናቆምላት ነው!

ሰላምታው ትንሽ ይቆየኝ፤ ይህን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ከቤተ ክርስቲያን መግባቴ ነው፤ ባርኔጣዬን እንኳ ከራሴ ላይ አላወረድኩም። ቱሩ ከጓዳ "አንቺ ሴትዮ፣ ታሮው ቀዘቀዘ!" እያለ ይጮኻል። ይቀዝቅዝ። ባል ሁልጊዜ አለ፤ እንዲህ ያለ ቀን ግን ሁልጊዜ የለም።

እንግዲህ አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽ እትዬ? እናትሽ ማማ ታንጊ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ፣ ሥራውስ? እኛ ደኅና ነን። ዝናቡ በዝቶ ማንጎው ዛፍ ላይ ተበላሸብን እንጂ ሌላ ክፉ ወሬ የለም።

ለምን አሁን ትዝ አለሽ ብትዪኝ፣ ነገሩ የተነሳው በገና ሰሞን ነው። ልጆቹ በየአያቶቻቸው መቃብር ላይ የአበባ ጉንጉን ሲያኖሩ የእኔዋም የልጅ ልጅ ጉንጉኗን ይዛ የምንጅላታችን መቃብር ወዳለበት ወደ ጀልባ ማረፊያው ሄደች። እዚያ የነበሩት ትልልቅ ልጆች "የመርከብ ልጅ! የእናንተዋ እኮ ወገን የላትም፣ የትም ጣይው" አሏት። ልጅቷ ጉንጉኑን ባሕር ውስጥ ወርውራ መጣች። "አያቴ፣ የማረፊያዋ ሴትዮ እናቷ ማን ነበረች?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። እኔ! ቱሩን ጠይቂው፣ በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንዲህ ሆኜ አላየኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ዛሬ ፓፓ ኢዮቲያ ከቅዳሴ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ዲያቆን ናቸው፣ የቴ ፑና ጎሣ የመሬት አለቃም ናቸው፤ መቃብሩ ያለው በእሳቸው ቤት ፊት ለፊት አይደል?

"ፓፓ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አልኳቸው።

"ጠይቂ። ጠይቀሽ የማታውቂው ምን አለ?" አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

"ማረፊያው ዳር ባለው መቃብር ላይ ድንጋይ ላቆም እፈልጋለሁ።"

"ማን ናትና?"

"የአያቴ አያት ናታ! የአንቶኔ ሚስት።"

"የትኛዋ ሚስቱ?"

እዚህ ላይ ሳቁ ከሽማግሌዎቹ አልፎ እስከ መዘምራኑ ደረሰ። እኔም ፊቴ ቲማቲም መሰለ።

"ስሚ አካይቲ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "ሰው በራሱ መሬት ላይ ነው ድንጋይ የሚያቆመው። ያ መሬት የእኛ ነው። አባቶቻችን ከመርከብ ለወረደች እንግዳ አዝነው ጥግ ሰጧት፤ ነገሩ ይኸው ነው።"

"እንግዳ ከነበረችማ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የእንግዶች መቃብር ተራ አለ። እናንተ ቤት በር ላይ ምን አመጣት?"

ሚስታቸው በማራገቢያዋ ትከሻቸውን መታ አድርጋ "እውነቷን እኮ ነው አንተ ሰውዬ" አለቻቸው። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ሁሉም እየሰማ እንዲህ አሉ፦ "ከጁላዩ የወንጌል በዓል በፊት ማን እንደነበረች፣ ከማን እንደተወለደች እዚህ ሕዝብ ፊት ተናገሪ። ከተናገርሽ ድንጋዩን አብሬሽ እሸከማለሁ። ካልተናገርሽ ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህን ነገር ሁለተኛ አታንሺብኝ።"

"እሺ!" አልኩ። ሳላስብ። ቱሩ ክንዴን ቆንጥጦኝ ነበር፣ ግን ዘገየ።

እንግዲህ እኛ የምናውቀው ይህችን ነች፦ አንቶኔ ዓሣ ነባሪ በሚያድን መርከብ ላይ በርሜል ሠሪ ነበር። ከታሂቲ መጣ፤ ሚስት ነበረችው። እናንተ ሮይማታ ትሏታላችሁ፣ እንባ ማለት። እኛ ማታንጊ እንላታለን፣ ነፋስ። የእናንተ ወገን ከሮይማታ ሴት ልጅ ወረደ፣ የእኛ ከማታንጊ ወንድ ልጅ። ስለዚህ ሁለት ጣውንቶች ነበሩ ተባለ። የትኛዋ ናት እዚያ የተኛችው? የትኛዋስ ናት የሕግ ሚስት? በዚህ ጉዳይ አባቴና ማማ ታንጊ በዚያ ሠርግ ላይ ምን እንደተባባሉ አንቺም ታስታውሻለሽ፤ ማማ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ወደ ኦክላንድ እንደሄዱ ቀሩ። የእናንተን ስም ታሪክ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እባክሽ እትዬ፣ ጠይቂያቸው። የእናንተዋም ትሁን የእኛዋ፣ እኔ ግድ የለኝም። ወገን ይኑራት ብቻ።

ድንጋዩን እዚያው ኦክላንድ አስቀርጪልን። ነጭ የሹራብ ክርም አትርሺ።

ታናሽሽ፣ አካይቲ


ኦክላንድ
ማርች 2 ቀን 1994

ለእህቴ ለአካይቲ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ሌላም ነገር አለ፣ ይለፍ።

እማዬን ጠየቅኋት። ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፤ ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና "የማታንጊ ቤት ዛሬ ደግሞ ሮይማታን ፈለገ? ዕቁባት አላሏትም?" አለች። አባትሽ በዚያ ሠርግ ላይ ያላት ቃል እስከ ዛሬ ጉሮሮዋ ላይ ነው ያለው፤ አልወረደም። ደግሞም "የስም ነገር በደረቁ አይነገርም፤ ሕጻን ታቅፎ ነው የሚነገረው፤ አካይቲ ይህን ረሳችው?" ብላለች። በእኛ ቤት እንደምታውቂው ልጆቹ ሁሉ አድገዋል።

ለፋሲካ አልመጣም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ድንጋዩን ጠይቄያለሁ። ቆንጆ ጥቁር ድንጋይ አግኝቻለሁ። ጠራቢው ግን ጽሑፉን እስከ ሜይ መጀመሪያ ካላመጣሁለት መርከቡ ላይ አይደርስም። ባዶ ድንጋይ ልልክልሽ አልችልም። ስለዚህ ቃል ከመግባትሽ በፊት ብታስቢ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አንቺ መቼ አስበሽ ታውቂያለሽ?

የጠየቅሽው ነጭ ክር አልቋል፣ ለሌላ ነገር ዋለ። ባለቤቴ፣ ጆናሳና ሳሙኤላ ሰላም ይሉሻል።

እህትሽ፣ ቴኡራ


ማውኬ
ማርች 14 ቀን 1994

እትዬዋ!

ደብዳቤሽ በሐሙሱ አውሮፕላን ደረሰኝ። እንዴት ነሽ? እኔ ደኅና ነኝ፣ ቱሩም ደኅና ነው፣ አሳማዋ ወለደች።

ቃል ከመግባትሽ በፊት ብታስቢ ላልሽው፤ አይ፣ ፓፓ ኢዮቲያ ሐሳባቸውን አልቀየሩም፣ እኔም አልቀየርኩም። በየቀኑ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "እህ፣ የመርከቧ? አገኘሻት?" ይሉኛል። "እየመጣች ነው ፓፓ፣ ነፋሱ ቢዘገይ ነው" እላቸዋለሁ። ውስጤ ግን ይፈራል። ባልናገርስ? ያቺ ልጅ ባሕር ላይ የወረወረችው ጉንጉን የዘላለም መልሳችን ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሴቶቹ ጋር ለሃዋይ የሚላከውን የማይሬ ቅጠል ጉንጉን ስንሠራ የሆነውን ልንገርሽ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት የኩራን መዝሙር ጀመሩ። ያው ታውቂዋለሽ፣ በዚያ በታላቁ ማዕበል ጊዜ ባሕሩ መንደሩን ሲበላው ሕጻናቱን ጀርባዋ ላይ እያዘለች በዋሻው ውኃ ያሻገረችው የቴ ፑናዋ ኩራ፤ በኋላ በመርከብ ወደ ታሂቲ ሄዳ ያልተመለሰችው። እኔም አብሬ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ከቴ ፑናዎቹ አንዷ ቀና ብላ "አካይቲ፣ አንቺ ደግሞ የራሳችሁን ዝፈኚ እንጂ" አለችኝ።

"የራሳችን የቱ ነው?"

"የበርሜሉ!"

ሳቁ፣ ሳቁ፣ ቅጠሉ ከጭናቸው ላይ ረገፈ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ቤት ስገባ ግን ልቤ ተቃጠለ። በልጅነቴ ያንን መዝሙር ከማንም በላይ እወደው ነበር። በመንደሩ በዓል ላይ ግን የመርከብ ልጆች ለኩራ አይዘምሩም፤ ያጨበጭባሉ።

በዚህ ላይ ደግሞ አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ጎረቤታችን ያ ትልቁ ዓሣ አጥማጅ፣ ሚስቱ ራሮቶንጋ ሐኪም ቤት ከሞተችበት ወዲህ እንደ ሐዘን ልማዳችን የድሮ ስሙን አኑሮ "ባዶ አልጋ" የሚል ስም አንስቷል። እኔ ቀልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ በድሮው ስሙ ጠራሁት። ያንን ትልቅ ሰው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፊቱን ሲያዞርብኝ ብታዪው! ዶሮና የቆርቆሮ ሥጋ ይዤ ሄጄ ደጁ ላይ ተቀምጬ ይቅርታ ለመንኩ። ይቅር አለኝ። አንድ ሰው ሐዘኑን ከስሙ ጋር ቀብሮ ሲኖር ቆፍሮ ማውጣት ምን ያህል ነውር እንደሆነ እያወቅሁ!

ይቅርታ ካነሳሁ አይቀር፣ ይህን ለማማ ታንጊ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፦

ማማ፣ አባቴ በዚያ ሠርግ ላይ የተናገረው ስድብ ነበር። ጠጥቶም ነበር፣ ኮርቶም ነበር። ሞቷልና ራሱ ሊጠይቅዎት አይችልም። እኔ ልጁ በእሱ ምትክ መሬት ላይ ተቀምጬ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ሮይማታ ዕቁባት አልነበረችም። ብትሆንም እንኳ እናታችን ናት።

አሁን ደግሞ ለአንቺ ብቻ፤ ይህን ጮክ ብለሽ አታንብቢ። ባለቤትሽ ሰላም አለኝ፣ ጆናሳ ሰላም አለኝ፣ ሳሙኤላ ሰላም አለኝ። ኢናስ? ያቺ በየደብዳቤሽ ጥግ ላይ አበባ የምትስልልኝ ልጅ የት ሄደች? ለፋሲካ የማትመጪው ለምንድን ነው? ነጩ ክርስ ማንን ሊያሞቅ ዋለ? እኔ ሁለተኛ ደረጃን የጨረስኩ ሴት ነኝ፣ ደንቆሮ አይደለሁም።

እትዬ፣ የመርከብ ልጆች እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። የሕጻን አባት ማን ነው ብለን የምንጠይቅ እኛ ነን? በይ ጻፊልኝ።

የምትወድሽ፣ አካይቲ


ኦክላንድ
ኤፕሪል 5 ቀን 1994

አካይቲ፣

አንቺ ሴት፣ አፍንጫሽ ባሕር አቋርጦ ይሸታል።

ሴት ናት። ኢና በጥር ወለደቻት። አባትየው የለም፤ ስለ እሱ ይህን ብቻ ነው የምጽፈው። የደበቅሁሽ ስላፈርኩ ነው። ኢናም ለአክስቴ እኔ ራሴ ልንገራት ስትለኝ ከልክያታለሁ። እዚህ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ወሬ አይጠግብም፤ እዚያም አንቺ አለሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ኢናንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሥዕሏን ከታች ታያለሽ።

ሕጻኗ እስካሁን ስም አልነበራትም። እማዬን ሰይሚልኝ፣ ስም ስጪልኝ ብላት "አባት የሌለው ልጅ ላይ ምን ልበል?" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በኢና ፊት። ያንን ቀን ማስታወስ አልፈልግም።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ለእማዬ የተባለውን አነበብኩላት። ቀጥዬ፣ አትናደጂብኝ፣ ለእኔ ብቻ ያልሽውንም አነበብኩላት። "የሕጻን አባት ማን ነው ብለን የምንጠይቅ እኛ ነን?" የሚለው ላይ ስደርስ እጇን ዘረጋች።

"ልጅቷን አምጡልኝ።"

ኢና መጀመሪያ እምቢ አለች። "ግድግዳው ይሰይማት" አለች። ከዚያ አያቷን ስታለቅስ አየችና ሰጠቻት።

እማዬ የተናገረችውን አንድም ሳላስቀር ጽፌልሻለሁ፤ እንድጽፍልሽ የፈቀደችው እሷ ናት። ነገር ግን አንድ ትእዛዝ አላት፦ "አካይቲ ከዚህ በታች ያለውን በባዶ እጇ እንዳታነብ። ሕጻን ትቀፍ።" ስለዚህ እዚህ ላይ አቁሚ። አውቅሻለሁ፣ ዓይንሽ ወደ ታች እየሄደ ነው። አቁሚና ሕጻን ፈልጊ።

ታቀፍሽ? እሺ።

"ይህን ስም ውሰጂ። ሮይማታ። የቴ ፑናዋ ልጅ ኩራ የበኩር ልጇን በታሂቲ አሸዋ በቀበረች ቀን፣ ኩራን ከልጇ አጠገብ አኑራ ያነሳችው ስም ነው። በዚህ ስም ወደ አባቷ ምድር ተመለሰች። በዚህ ስም ሴት ልጅ ወለደች፤ ልጂቱንም ያሳድጓት ዘንድ ለአቲዩ ደሴት ሰዎች ሰጠች። የአንቶኔ ጀልባ ዓሣ ነባሪውን ተከትላ ወጥታ ሳትመለስ በቀረችበት ቀን በማረፊያው አሸዋ ላይ አኖረችው። እኛ ከአሸዋው ላይ አንስተን ለአንቺ ሰጠንሽ። እንባ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የተመለሰች ሴት ስም ነው።"

ሕጻኗ በዚህ መሐል አስነጠሰች። እማዬ "ሰማች" አለች።

ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም ስላት "ዕቁባት እየተባልኩ፣ የኩራ ልጅ ነኝ ብል እንዴት ይስቁብኝ ነበር! ዋጥኩት" አለችኝ። ከዚያ "የማታንጊንስ እነሱ እንዴት ነው የሚሉት?" ብላ ጠየቀች። እኔ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ?

ጠራቢው እየጠበቀ ነው።

እህትሽ፣ ቴኡራ


ማውኬ
እሑድ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1994

እትዬ ቴኡራ፣ ማማ ታንጊ፣ ኢናዬ፣ እና አንቺ ትንሿ ሮይማታ፣

ሁላችሁም ተቀመጡ። ቡናውን ሻዩን አስቀምጡት። ይህ ደብዳቤ ለሁላችሁ ነው፤ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

አዎን፣ ማማ፣ አውቀዋለሁ። የማታንጊን ቃል አባቴ የመጨረሻው ወንድሜ ላይ ሲናገር በሩ ሥር ተደብቄ ሰምቼዋለሁ፤ በኋላም በራሴ ልጅ ላይ አስደግሜዋለሁ። ግን ቅደም ተከተሉን ልጠብቅ፤ ቱሩ "ከመሐል አትጀምሪ" ብሎ አጠገቤ ተቀምጧል።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት አውሮፕላኑ ካረፈበት ሜዳ ዳር ቆሜ ነው። "አቁሚ" የሚለው ላይ አቆምኩ፤ ማማ ይመኑኝ፣ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ አቆምኩ! ግን ሕጻን ከየት ይምጣ? የእኔዎቹ የልጅ ልጆች ሮጠው ያመልጣሉ። ሞተር ሳይክሌን አስነስቼ መንገድ ለመንገድ የሰው በረንዳ ሳይ ሳይ ማረፊያው ጋ ደረስኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው? የፓፓ ኢዮቲያ ሚስት የልጅ ልጇን ልጅ ታቅፋ ታባብላለች፤ ልጁ ጣሪያ እስኪነቃነቅ ያለቅሳል።

"ያንን ልጅ አንድ ጊዜ ስጪኝ!" አልኳት።

"ምን ሆነሻል? ንብ ነደፈሽ?"

"ስጪኝ ብቻ፣ እመልሰዋለሁ!"

ፓፓ ኢዮቲያ ከመረባቸው ላይ ቀና ብለው "የመርከብ ሰዎች ደግሞ ልጅ መስረቅ ጀመሩ?" አሉ። ልጁን ጭኔ ላይ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ፤ ለራሴ ነበር የማነበው፣ ግን እኔ በልቤ ማንበብ መቼ እችላለሁ? "የቴ ፑናዋ ልጅ ኩራ" የሚለው ሲወጣ የፓፓ እጅ መረቡ ላይ ቆመ። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ልጁም ለቅሶውን ትቶ አፌን ያያል።

"ድገሚው" አሉኝ ፓፓ።

ደገምኩት። ከዚያ ሳላስበው የእኛው ቃል ተከትሎ ከአፌ ወጣ፦

"ይህን ስም ውሰድ። ማታንጊ። የአንቶኔ ጀልባ ሳትመለስ በቀረችበት ቀን፣ በማረፊያው ቆማ ነፋሱን ስትጠይቅ ውላ፣ ከአሸዋው ላይ ያነሳችው ስም ነው። በዚህ ስም ወንድ ልጅ ወለደች፤ አባቱንም አላየም። በዚህ ስም አርጅታ በአባቷ ደጅ ተኛች።"

እትዬ፣ ሕይወቴን በሙሉ "በአባቷ ደጅ" ሲባል የሰማይ አባታችን ደጅ ይመስለኝ ነበር! እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቀና ስል የቴ ፑና ቤት በር አለ፣ ፊት ለፊቱ መቃብሯ አለ። አንዱ ስም የተቀመጠበት አሸዋ ላይ ሌላው ተነሳ። ያው ማረፊያ፣ ያው ጀልባ፣ ያው ቀን። አንዲት ሴት ናት! ሁለታችን የየድርሻችንን ይዘን፣ አንድ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ሁለቱን ሳንናገራቸው፣ ያቺን የመሰለች ሴት ከራሷ ጋር ጣውንት አድርገናት ኖርን! አባቴና ማማ የተጣሉት እናታችን ከእናታችን ትበልጣለች ብለው ነው!

ልጁን እንዳቀፍኩ ሳቄ መጣ፣ ለቅሶዬም መጣ፣ ሁለቱም አንድ ላይ። የፓፓ ሚስት ውኃ ታመጣልኛለች። ፓፓ ግን መረባቸውን ወደ ጎን አደረጉት።

"ኩራ እኮ አልተመለሰችም" አሉ በመጨረሻ፣ እንደ ልጅ ባለ ድምፅ። "እኛ ቤት የሚባለው እንደዚያ ነው።"

"እውነት ነው ፓፓ፣ ኩራ አልተመለሰችም። የተመለሰችው ሮይማታ ናት።"

"ታዲያ አላወቋትም? ወንድሟ የእኔ ምንጅላት ነው። እህቱን አላወቃትም?"

"አውቋታል እንጂ! በበሩ ላይ የቀበራት ስላወቃት ነው። ግን ስሟን ከልጇ ጋር አኑራ መጣች። በድሮው ስሟ ማን ይጥራት? ማን ያንን ቁስል ይንካ? አክብረዋት ዝም አሉ። ያከበሯት ሲሞቱ ዝምታው ብቻ ለእናንተ ቀረ።"

ፓፓ ተነሱ። መቃብሩ ድረስ ሄዱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፣ ቆሙ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን ታውቂያቸዋለሽ፣ ሳይተርቡ አያድሩም። "እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ የመርከብ ልጆች እያልኩ የሰደብኩት የገዛ ሥጋዬን ነው" አሉ። "አካይቲ፣ ካሁን ወዲያ ስትለፈልፊ በማን እንደወጣሽ አውቃለሁ። በእኛ ነው።"

ዛሬ እሑድ ቃሌን አደረስኩ። ከቅዳሴ በኋላ የፓፓን የልጅ ልጅ ልጅ ታቅፌ ሕዝቡ ፊት ቆምኩ፤ የቴ ፑናዎቹም የእኛዎቹም፣ ያቺ የበርሜሉን ዝፈኚ ያለችኝም አለች። ሁለቱን ቃሎች አንድ በአንድ ተናገርኩ። ስጨርስ ፓፓ ኢዮቲያ ራሳቸው የኩራን መዝሙር አነሱ፤ ወደ እኛ ወገን ዘወር ብለው በእጃቸው "ተነሱ" አሉን። ተነሳን። እትዬ፣ የመርከብ ልጆች ዘመርን! ያ ሁሉ ዘመን ስናጨበጭብለት የኖርነውን መዝሙር! የእኔዋ የልጅ ልጅ ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ የአንገቷ ሥር ሊበጠስ ነበር። ያቺ የበርሜሏ ሴትዮ መጥታ አቀፈችኝና "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ" አለችኝ። "በርሜሉም እኮ የኛ ነው፣ አንቶኔ ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው" አልኳት።

እና ጽሑፉን ለጠራቢው ስጪው። ከፓፓ ጋር ተጨቃጭቀን ተስማማን። እሳቸው ኩራ በትልቁ ይጻፍ አሉ፤ እኔ ደግሞ አይሆንም፣ እሷ ያኖረችውን ስም በፊቷ አንጠራም አልኩ። ስለዚህ ድንጋዩ ፊት ለፊት፣ እሷ በተኛችበት በኩል፣ ማታንጊ ብቻ ይባል። ጀርባው ግን ወደ መንገዱ ወደ ልጅ ልጆቿ ነው የሚዞረው፤ እዚያ ላይ ሦስቱም ይጻፉ፦ ኩራ፣ ሮይማታ፣ ማታንጊ፤ አንዲት ሴት፣ የቴ ፑና ልጅ። ድንጋዩን ከጀልባው ላይ የምንሸከመው እኔና ፓፓ ነን፤ ቱሩ "ሁለታችሁም ወገባችሁ ይቆረጣል" እያለ ነው፣ ይቆረጥ።

ማማ ታንጊ፣ እርስዎ ካልመጡ የድንጋዩ መጋረጃ አይነሳም። ሕዝቡ ፊት የሚናገሩት እርስዎ ነዎት፤ ይህን ያሉት ፓፓ ኢዮቲያ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። አውሮፕላኑ ሥር ወንበር ይዘን እንጠብቅዎታለን። ኢናዬ፣ አንቺ አንገትሽን ቀና አድርገሽ፣ ልጅሽን በፊትሽ አቅፈሽ ነው ከአውሮፕላኑ የምትወርጂው። የኩራ ልጅ ልጅ አንገት አይደፋም። "አባቷ ማን ነው?" የሚል ካለ ወደ እኔ ላኪው። ጆናሳና ሳሙኤላም ይምጡ፤ አሳማው የሚታረደው ለእነሱ ነው፣ የመሬት ምድጃውን የሚቆፍር ክንድ ያስፈልገኛል። አንቺ እትዬ፣ ሥራ በዛብኝ ብትዪኝ አልሰማሽም።

ስለዚህ ያለ ምንም ሰበብ፣ ታማሚም ቢሆን ተሸክማችሁ፣ ሩቅ ያለውን ጠርታችሁ፣ የተኳረፈውን አስታርቃችሁ፣ የኩራ ዘር የሆነ ሁሉ ማረፊያው ላይ ይቁም፦ በወንጌል በዓል ሰሞን፣ ቅዳሜ፣ ጁላይ 23 ቀን 1994፣ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ።